ሐረጎን የሚወርድ ሞተር፦ ለወሎ ሞተረኞች የጥገናና የአነዳድ መመሪያ

አጎቴን ከኋላዬ አስቀምጬ፣ ከእሳቸው ኋላ ደግሞ የጤፍ ከረጢት አስሬ ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ እየወረድኩ ነበር። የሐረጎን ቁልቁለት ከግማሽ በላይ እንደጨረስን ትከሻዬን ነካ አድርገው «አንተ ልጅ፣ የሚቃጠል ነገር ይሸተኛል» አሉኝ። የከባድ መኪና ሽታ መስሎኝ ዝም አልኩ። ቀጣዩ ኩርባ ላይ የኋላ ፍሬን ስረግጥ ፔዳሉ ገባ፣ ሞተሩ ግን አልሰማም አለ። ማርሽ እያወረድኩ፣ የፊቱን ፍሬን በስሱ እየያዝኩ እንደምንም ጠርዝ ላይ ቆምኩ። አጎቴ ወርደው ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። ግማሽ ሰዓት ጠብቀን «እንሂድ ጋሼ» ስላቸው «አንተ ሂድ» ብለው ሚኒባስ አስቆሙ። ጤፉን ግን ለእኔ ተዉልኝ።

በማግስቱ ጎማውን ፈትተን ስናየው የፍሬን ሸራው ገና ግማሹም አላለቀም። ፍሬኑ ጤነኛ ነበር። ጥፋቱ የእኔ ነው። ያን ሁሉ ቁልቁለት ፔዳሉ ላይ ቆሜ ነው የወረድኩት። ሸራው ግሎ ግሎ መያዝ አቃተው።

ያን ቀን አንድ ነገር ገባኝ። ከሞተሩ ጋር የሚሰጠው ትንሽ መጽሐፍ ጥሩ ነው፣ ግን ሜዳ ላይ ላለ ሰው የተጻፈ ነው። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት። ኮምቦልቻ 1,850 ገደማ። በመካከላቸው ያለው መንገድ 25 ኪሎ ሜትር አካባቢ ብቻ ነው። ወደ ባቲ ስትወርዱ ሌላ ሙቀት፣ ወደ ጉጉፍቱ ስትወጡ ሌላ ብርድ ይጠብቃችኋል። በጋው አቧራ ነው። በልግና ክረምቱ ጭቃ። ስለዚህ እዚህ አገር የጥገናን ቀን የሚቆርጠው ኪሎ ሜትር ቆጣሪው ብቻ አይደለም፤ የሄዳችሁበት መንገድም ነው።

እኔ የምነዳው ባጃጅ ቦክሰር 150 ነው። ከእሱ በፊት በጨረታ የገዛሁት አሮጌ ያማሃ ዲቲ 125 ነበረኝ። ከታች የማነሳቸው ቁጥሮች ለቦክሰሩና ለመሰሎቹ የሚሠሩ ናቸው። የእናንተ ሞተር መጽሐፍ ሌላ ቁጥር ከሰጠ መጽሐፉን እመኑ። ስለ መንገዱ ግን እኔን።

የዕቃዎቹን ስም በጋራዥ አጠራር ነው የምጽፈው። ካንዴላ ቤንዚኑን በብልጭታ የሚያቀጣጥለው፣ ፍሪሲዮን ሞተሩን ከማርሹ የሚያላቅቀው፣ ማርሚታ የጭሱ ቱቦ፣ ዳዶ ቡሎን ላይ የሚጠመዘዘው ብረት፣ ካቻቢቴ ብሎን መፍቻው ነው። ጣሊያን በ1928 ዓ.ም. ደሴ ገብቶ በ1933 ሲወጣ ቃላቱን ትቶልን ሄዷል። በእንግሊዝኛ የሚጠራ ሜካኒክ ካጋጠማችሁ አዲስ ምሩቅ ነው ማለት ነው።

ጠዋት፣ ሳይነሳ በፊት

ቡና እስኪፈላ ያለው ጊዜ ይበቃል። አሥር ደቂቃ ቢሆን ነው።

መጀመሪያ ሞተሩ ያደረበትን መሬት እዩ። ጠብታ ካለ በጣታችሁ ነክታችሁ አሽትቱት። ቤንዚን ከሆነ ከካርቡራተሩ፣ ቤንዚንና አየር ከሚያደባልቀው ዕቃ፣ ወይም ከቱቦው ነው። ዘይት ከሆነ የታችኛው ታፖ፣ ማለትም የዘይቱ ማፍሰሻ ክዳን፣ ወይም በብረቶቹ መካከል ያለው ማሸጊያ ጓርኒሲዮን ነው።

ከዚያ ዘይቱን እዩ። ሞተሩ ደልዳላ ቦታ ላይ ቀጥ ብሎ መቆም አለበት። የደሴ ግቢ ደግሞ ደልዳላ አይወድም፤ እኔ ከኋላው እግር ሥር ጠፍጣፋ ድንጋይ አስገብቼ ነው የማስተካክለው። በጎን ማቆሚያው ዘንበል እንዳለ የታየ ዘይት ውሸት ነው። ዘይቱ በሁለቱ ምልክቶች መካከል ይሁን። ከላይኛው ምልክት ማለፉም ጥቅም የለውም።

ጎማ። ለቦክሰርና ለመሰሎቹ የፊቱ 25 ፒ ኤስ አይ፣ የኋላው ብቻችሁን ስትሆኑ 28፣ ሰው ስትጭኑ 32 አካባቢ ይበቃዋል። የሚለካው ጎማው ቀዝቃዛ ሳለ ነው። ቀትር ላይ ባቲ ደርሳችሁ ስትለኩ ከፍ ብሎ ብታገኙት አታስተንፍሱት። የሙቀቱ ነው። ማታ ሲበርድ ይመለሳል፤ ካስተነፈሳችሁት ግን በማግስቱ የላላ ጎማ ይዛችሁ ትነሳላችሁ። ባለሽቦ ቸርኬ ካላችሁ ሽቦዎቹን በካቻቢቴ እጀታ መታ መታ አድርጉ። የጠበቀው ጥርት ብሎ ይጮኻል፣ የላላው ድምፁ ይታፈናል። አንድ የላላ ሽቦ ጎረቤቶቹን ይሰብራል።

ቡሎኖች። ኮረኮንች የሚፈታውን ያህል ሌባም አይፈታም። አንድ ዘዴ ልስጣችሁ። ዳዶው በትክክል ከጠበቀ በኋላ ከዳዶው ጀምራችሁ እስከ ብረቱ ድረስ በጥፍር ቀለም ቀጭን መስመር አስምሩ። ዳዶው ሲዞር መስመሩ ይሰበራል። ጠዋት ጠዋት ቁልፍ ሳታነሱ በዓይን ብቻ ታያላችሁ። የእኔ ሞተር ቀይ ቀለም ተቀብቶ ሙሽራ ይመስላል፤ ሰፈር ውስጥ ሲስቁብኝ ግድ የለኝም።

የፍሪሲዮን መያዣው ጫፍ ላይ ከ10 እስከ 15 ሚሊሜትር የሚሆን ባዶ እንቅስቃሴ ይኑረው። ጭራሽ ከሌለው ፍሪሲዮኑ ሁሌም በከፊል ተይዟል ማለት ነው፣ አቀበት ላይ ይንሸራተትና ይቃጠላል። ነዳጅ መስጫውን አዙራችሁ ልቀቁት፤ በራሱ ጠብ ብሎ መመለስ አለበት። መሪውን ወደ ግራም ወደ ቀኝም አዙራችሁ ሞክሩት። መብራት፣ ፍሬቻ፣ ጥሩንባ፣ ስፖኪዮ። አለቀ።

በደሴ ብርድ ቾክ ሳብ አድርጋችሁ አስነሱ። አንድ ሁለት ደቂቃ ይሙቅ፣ ቾኩን መልሱ። ወዲያው አታስጩሁት። ቀዝቃዛ ዘይት ላይኛው ክፍል እስኪደርስ ጊዜ ይፈልጋል።

ካቴና

ከሁሉም በላይ የሚበደለው ዕቃ ይህ የኋላውን ጎማ የሚያዞረው ሰንሰለት ነው። አንዱ ቤት ያለ ዘይት ያስኬደዋል፣ ሌላው እንደ ክራር ጅማት ይወጥረዋል። አንድ ጋራዥ ውስጥ «ላላ ብሏል» ብለው እንደዚያ ወጥረው ሰጡኝ። ሲነኩት ቀጥ ያለ ነው፣ ያምራል። ብዙም ሳይቆይ የኋላው ጎማ ኩሽኔታ፣ ጎማው የሚዞርበት ባለኳስ ቀለበት፣ መጮኽ ጀመረ። ምክንያቱ ቀላል ነው። ሰው ሲቀመጥና ጎማው ጉድጓድ ሲመታ የኋላው ክንድ ሲንቀሳቀስ ካቴናው ይወጠራል። ለዚያ የሚሆን ትርፍ ከሌለው የሚጎትተው ኩሽኔታውን ነው።

እንዲህ አድርጉ። ሞተሩን በመካከለኛው ማቆሚያ አቁሙ፣ ማርሹን ፍሪ አድርጉ። ሞተሩን አጥፉት። ይህን አስምሩበት። ሞተር እየሠራ፣ ጎማ እየዞረ ካቴና በጨርቅ የሚጠርግ ሰው ጣቱን ይሰጣል። ጎማውን በእጅ ቀስ እያላችሁ አዙሩና ካቴናው በጣም የሚጠብቅበትን ቦታ ፈልጉ። ሁሉም ቦታ እኩል አያልቅም። እዚያው ላይ የታችኛውን መስመር መካከሉን በጣት ወደ ላይና ወደ ታች ግፉት። ከላይ እስከ ታች ከ25 እስከ 35 ሚሊሜትር ከተንቀሳቀሰ ደህና ነው። እንደ ዲቲ ያሉ ረጅም እግር ያላቸው ሞተሮች ከዚህም ላላ ይላሉ።

ማስተካከል ካስፈለገ የኋላውን ፔርኖ፣ ማለትም የጎማውን ዘንግ፣ ዳዶ አላሉ። በሁለቱም በኩል ያሉትን ማስተካከያ ቡሎኖች እኩል አዙሩ። ግራውን ሩብ ዙር፣ ቀኙንም ሩብ ዙር። ክንዱ ላይ የተቆረጡትን መስመሮች ቁጠሩ፣ ግራና ቀኝ እኩል መሆን አለባቸው። ካልሆኑ ጎማው ጠማማ ይሄዳል። አጥብቁ፣ ደግማችሁ ለኩ። ዳዶው ሲጠብቅ ልኩ ትንሽ ይለወጣል። አሁን ብዙ ሰው የሚረሳው ነገር፦ ጎማው ወደ ኋላ ሲሳብ የኋላው ፍሬን ዘንግም አብሮ ይሳባል። ፔዳሉን ካላስተካከላችሁት ፍሬኑ ሳትረግጡት ተይዞ ይሄዳል።

ጽዳቱ በላምባና በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ ነው። በቤንዚን አይደለም። ካጸዳችሁ በኋላ በጨርቅ አድርቁና የካምቢዮ፣ ማለትም የማርሽ ሳጥን፣ ዘይት፣ ባለ 90 ቁጥሩን፣ በውስጠኛው ጎን በኩል ጠብ ጠብ አድርጉ። ጎማው ሲዞር ዘይቱ ራሱ ወደ ውጭ ይሄዳል። ማታ ተቀብቶ ቢያድር ጥሩ ነው። ጠዋት ትርፉን በጨርቅ ጥረጉ፤ ዘይት የተሸከመ ካቴና አቧራ ይሰበስብና እንደ ሞረድ ራሱን ይፍቃል። ከሞተር የወጣ የተቃጠለ ዘይት አትቀቡት። ነፃ ስለሆነ ሁሉም ያደርገዋል፣ ግን ብናኝ ብረት ያለበት ነው።

መቼ? አስፋልት ላይ በየ500 ኪሎ ሜትሩ። ወደ ደላንታ ወይም ወደ ወረኢሉ በጭቃ ገብታችሁ ከወጣችሁ ግን ያኑ ማታ።

ማለቁን ለማወቅ የኋላው ትልቁ ጥርስ መካከል ላይ ካቴናውን ወደ ኋላ ሳቡት። ከጥርሱ ግማሽ በላይ ከራቀ አልቋል። ጥርሶቹም እንደ ማጭድ ከጎበጡ አልቀዋል። ሲቀየር የፊቱም የኋላውም ጥርስ አብሮ ይቀየር። አዲስ ካቴና በአሮጌ ጥርስ ላይ ማስገባት ለጊዜው ብር ያተርፋል፣ ጥርሱ ግን አዲሱን ካቴና ቶሎ ይበላዋል። የመገጣጠሚያው ቅንጥብ ዝግ ጎኑ ወደ ጉዞ አቅጣጫ ይዙር። ክፍት ጎኑ ወደ ፊት ከዞረ አንድ ጠጠር ሊፈታው ይችላል።

ዘይት መቀየር

መጽሐፉ የሚሰጠውን ኪሎ ሜትር ለአቧራና ለአቀበት ቀንሱት። እኔ በየ2,000 ኪሎ ሜትሩ እቀይራለሁ። አዲስ ሞተር ከሆነ የመጀመሪያው ቅያሪ 500 ኪሎ ሜትር አካባቢ ነው።

1. አምስት ደቂቃ ነድታችሁ አሙቁት። የሞቀ ዘይት ቆሻሻውን ይዞ ይወጣል።
2. ከሥሩ ጎድጓዳ ዕቃ አስቀምጡ፣ የላይኛውን ክዳን ክፈቱ፣ የታችኛውን ታፖ ፍቱ። እጃችሁን ጠብቁ፣ ያቃጥላል።
3. የሚወጣውን እዩት። ጥቁር መሆኑ ጤና ነው። እንደ ወተት ከነጣ ውኃ ገብቷል። የሚያብለጨልጭ ብናኝ ከበዛ ሜካኒክ ይየው።
4. የማጣሪያውን ወንፊት በላምባ እጠቡ፤ ተቀያሪ ፊልትሮ ካለው ቀይሩ።
5. የታፖውን ቀለበት አይታችሁ መልሱት። በሙሉ ጉልበት አታጥብቁት፤ የአሉሚኒየም ጥርስ አንዴ ከተላጠ ወጪው ብዙ ነው።
6. አዲሱን ጨምሩ፣ አስነሱ፣ አጥፉ፣ ትንሽ ቆይታችሁ ደግማችሁ ለኩ።

የዘይት ምርጫ ላይ አንድ ጉዳይ አለ። የብዙዎቹ ሞተሮቻችን ፍሪሲዮን ያው ዘይት ውስጥ ነው የሚነከረው። ለመኪና ተብሎ የሚሸጥ አንዳንድ ዘይት ማንሸራተቻ ቅመም አለበት፤ ሞተሩ ይጮኻል፣ አቀበቱን ግን አይወጣም። ጣሳው ላይ ጃሶ ኤም ኤ (JASO MA) የሚል ጽሑፍ ፈልጉ። ውፍረቱን፣ 20 ደብሊው 50 ይሁን 10 ደብሊው 30፣ መጽሐፉ ይነግራችኋል።

የወጣውን ዘይት በጀሪካን ሰብስቡ። ቦርከና ዳር ሞተር እያጠቡ ዘይቱንም እዚያው የሚደፉ አሉ። ከታች በዚያ ውኃ አትክልት የሚያጠጣ ገበሬ አለ።

አቧራ፣ ከፍታና ካንዴላ

«ሞተሬ ደከመ፣ ፋሻው አልቆ ይሆን?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው ብዙ ነው። ፋሻ የሚሉት የፒስቶኑን ቀለበት ነው። ብዙ ጊዜ መልሱ ደሴ ናችሁ የሚል ነው። አየር ወደ ላይ ሲወጣ ይሳሳል። ሞተር በየ1,000 ሜትሩ ከጉልበቱ ወደ 10 በመቶ ያጣል። ስለዚህ ደሴ ላይ ከተጻፈው ጉልበት ሩብ ያህሉ የለም። የድልብን አቀበት ወጥታችሁ ወደ ጋሸና ስትቀርቡ ደግሞ ይብሳል። ይህን የሚጠግን ሜካኒክ የለም።

ካርቡራተር ያለው ሞተር ግን ሌላም ችግር አለበት። አየሩ ሲሳሳ ቤንዚኑን በዚያው ልክ አይቀንስም። ቤንዚን ይበዛበታል፣ ይጠጣል፣ ካንዴላው ይጠቁራል። ስለዚህ ካንዴላውን ማንበብ ልመዱ። ሞተሩ ሲቀዘቅዝ ዙሪያውን አቧራውን ጥረጉ፣ ከዚያ ፍቱት። ጫፉ የደረቀ ሸክላ ቀለም ከመሰለ ሁሉም ሰላም ነው። ደረቅ ጥቁር ጥላሸት ከሆነ ቤንዚን በዝቷል ወይም የአየር ፊልትሮው ታፍኗል። እርጥብና ቅባታም ጥቁር ከሆነ ዘይት እየተቃጠለ ነው፤ ይህኛው የፋሻ ጉዳይ ሊሆን ይችላል። ነጭ ከሆነ ቤንዚን አንሶት እየጋለ ነው። ክፍተቱ ለብዙዎቹ 0.7 ሚሊሜትር አካባቢ ነው። ስትመልሱት መጀመሪያ በጣት አስገቡት፣ በመጨረሻ ብቻ በቁልፍ።

ደሴ ላይ ሜካኒክ «ላስተካክልልህ» ብሎ ቤንዚን የሚያሳልፈውን ባለቀዳዳ ብረት በትንሽ ሊቀይርላችሁ ይችላል። ከደጋ የማትወርዱ ከሆነ ጥሩ ነው። ባቲና ከሚሴ የምትመላለሱ ከሆነ ግን እኔ አልመክርም። ታች አየሩ ወፍራም ነው፣ ቤንዚኑ ያንሳል፣ ሞተሩ በሙቀት ላይ ሙቀት ይጨምራል። ሚኒሞውን፣ ሞተሩ ነዳጅ ሳይሰጠው የሚዞርበትን ዝቅተኛ ፍጥነት፣ ማስተካከል ይበቃል፣ እሱም ሞተሩ ከሞቀ በኋላ። በኮምፒውተር ቤንዚን የሚረጩት አዳዲሶቹ ሞተሮች ይህን ራሳቸው ስለሚያስተካክሉት ይህን አንቀጽ ይለፉት።

ከዚያ በፊት ግን ፊልትሮ። ስፖንጁ ዓይነት ከሆነ በላምባ ወይም በሳሙና ውኃ እጠቡት፣ ሳትጠመዝዙ ጨምቁት፣ ጥላ ላይ አድርቁት፣ በጥቂት የሞተር ዘይት አርሳችሁ ትርፉን ጨምቁ። የወረቀቱ ዓይነት ከሆነ ዘይት አይነካውም። ቀስ አድርጋችሁ አራግፉት፣ ከውስጥ ወደ ውጭ ንፉት፤ ካልጠራ ቀይሩ። በበጋ ጠጠር መንገድ ላይ የከባድ መኪና አቧራ እየበላችሁ ከዋላችሁ በሳምንት አንዴ ክፈቱት። ፊልትሮ አውጥቶ «አየር ይግባለት» ብሎ የሚነዳ ሰው አውቃለሁ። የገባለት አሸዋ ነው።

ፍሬን

የኋላው ፔዳል ከ20 እስከ 30 ሚሊሜትር ገብቶ መያዝ ይጀምር። የሚስተካከለው ከኋላ ዘንጉ ጫፍ ላይ ባለው ዳዶ ነው። ካስተካከላችሁ በኋላ ጎማውን አንስታችሁ አዙሩት፤ እየታሸ ከዞረ አብዝታችኋል። ታምቡሩ፣ የፍሬን ሸራው ያለበት ክብ ቤት፣ ላይ ትንሽ ቀስት አለች። ፍሬኑን ረግጣችሁ ቀስቷ ከምልክቱ ካለፈች ሸራው አልቋል። ዳዶውን እያጠበቁ ዕድሜ ማራዘም አይሠራም።

ክረምት ሲገባና ሲወጣ ታምቡሩን ክፈቱ። ሸራው መስታወት መስሎ ካብለጨለጨ በአሸዋ ወረቀት አሻሹት። የእኔው ከአጎቴ ጉዞ በኋላ እንዲያ ነበር። አቧራውን በአፋችሁ አትንፉት፣ በእርጥብ ጨርቅ ጥረጉት፤ ለሳንባ መጥፎ ነው። ዲስክ ካላችሁ የፓዱን ውፍረትና የፍሬን ዘይቱን መስመር ከማየት በቀር ብዙ ሥራ የለውም።

የሀይላንድ ቤንዚን

ማደያ ወረፋ ሲበዛ መንገድ ዳር በሀይላንድ የተሞላ ቤንዚን መግዛታችን አይቀርም። ቢያንስ ወደ ብርሃን አንሱትና እዩት። ውኃ ከቤንዚን ስለሚከብድ ከታች ይተኛል፤ በመካከሉ መስመር ይታያል። ላምባ የተቀላቀለበት ግን በዓይን አይታወቅም፤ ጣት ላይ ሲቀባ ቶሎ አይተንም፣ ቅባቱ ይቀራል። ውኃ ከገባባችሁና ሞተሩ እያነቀው ከቆመ የቤንዚን መክፈቻውን ዝጉ፣ ካርቡራተሩ ሥር ያለችውን ብሎን አላልታችሁ ያጠራቀመውን በጠርሙስ አፍስሱ፣ ከዚያ ከፍታችሁ ንጹሑ እስኪመጣ ጠብቁ። ሲጋራ የያዘ ወዳጅ ካለ ራቅ ይበል።

ጎማ ሲተነፍስ

ጎሚስታ በሌለበት ቦታ ጎማ ሲተነፍስ የሚያድናችሁ ከመቀመጫው ሥር ያለው ነው። ሁለት የጎማ መፈልቀቂያ ብረት፣ የፔርኖው ልክ ቁልፍ፣ የእጅ መንፊያ፣ ማስቲሽና መለጠፊያ፣ የአሸዋ ወረቀት፣ ትርፍ ካንዴላ፣ ትርፍ የፍሪሲዮን ካቦ፣ የካቴና መገጣጠሚያ፣ ፒንሳና ጥቂት ሽቦ። እኔ ትርፍ ካላማዳሪም፣ ማለትም የውስጠኛውን ጎማ፣ እይዛለሁ። ማስቲሽ በጉጉፍቱ ብርድ ቶሎ አይደርቅም፤ መቀየር ይቀላል።

ጎማውን ካወጣችሁ በኋላ ቫልቩን ፈትታችሁ አየሩን ጨርሳችሁ አስወጡ። የጎማውን ከንፈር በእግር ረግጣችሁ ወደ ቸርኬው መካከል ጣሉት። ዋናው ምስጢር ይህ ነው። በአንድ በኩል ወደ ጎድጓዳው ካልገባ በሌላው በኩል ብረት ብትሰብሩም አይወጣም። ከቫልቩ አጠገብ መፈልቀቅ ጀምሩ፣ በትንሽ በትንሹ። ካላማዳሪውን ስታወጡ የወጋውን ነገር ሳታገኙ አዲስ አታስገቡ። የጎማውን ውስጥ በእጃችሁ ዳስሱ፣ ግን በቀስታ፤ የግራር እሾህ ከሆነ እናንተንም ይወጋል። አዲሱን ከማስገባታችሁ በፊት ቅርጹን እስኪይዝ ትንሽ ንፉበት። እንዲህ ከሆነ አይጣመምም፣ በብረትም አይቆነጠጥም።

ጭነትና ጋቢ

ከባዱ ዕቃ ወደ መካከል ይቅረብ። ከኋላ ጫፍ ላይ የታሰረ ጭነት አቀበት ላይ የፊቱን ጎማ ያቀለዋል፣ መሪው አይታዘዝም። ሄልሜት ለነጂውም ለተጫነውም። በዚህ ላይ ክርክር አልገባም።

ከዚያ በላይ የሚያስፈራኝ ግን ጋቢና ነጠላ ነው። ከኋላ የተቀመጠ ሰው የጋቢው ጫፍ ወርዶ ካቴና ወይም የጎማ ሽቦ ውስጥ ከገባ የሚሆነውን አልጽፍም። ሰው ሳይቀመጥ በፊት «እትዬ፣ ጫፉን ይቀመጡበት» በሉ። በብርዱ ጋቢ አውልቁ ማለት አይቻልም፤ ከተቀመጡበት ግን ይበቃል። እግራቸውም ከማርሚታው ይራቅ።

አቀበት፣ ቁልቁለት፣ ኩርባ

አቀበት ቀላሉ ነው። ሞተሩ ማቃሰት ሳይጀምር ማርሽ አውርዱ። በከፍተኛ ማርሽ እያስጨነቁ መውጣት ቤንዚን አያቆጥብም፣ ሞተሩን ነው የሚያሞቀው። ረጅም አቀበት ላይ ጉልበቱ ድንገት ከወደቀ ቁሙ፣ አጥፉት፣ ይተንፍስ።

ቁልቁለቱ ነው ነገሩ። እንደ ውኃ እያሳሳቀ ነው የሚወስደው። ሕጉ አጭር ነው፦ ያንን ዳገት ለመውጣት በምትጠቀሙበት ማርሽ ውረዱት። በሁለት ከሆነ የሚወጣው በሁለት ውረዱ። ቤንዚን ለመቆጠብ ፍሪ አድርጎ የሚወርድ ሞተረኛ ሐረጎ ላይ በየቀኑ ይታያል። ሞተሩ ራሱ ትልቁ ፍሬናችሁ ነው፤ ፍሪ ስታደርጉት እሱን አውልቃችሁ ጣላችሁት ማለት ነው። ፍሬኑን ደግሞ ሳታቋርጡ አትርገጡ። ጠበቅ አድርጋችሁ ፍጥነቱን ቀንሱ፣ ልቀቁ፣ ይቀዝቅዝ። እንደገና። የፊቱ ፍሬን ከኋላው የበለጠ ይይዛል፤ ሁለቱን አብራችሁ ተጠቀሙ። ጠጠርና ጭቃ ላይ ግን የፊቱን በስሱ ያዙ።

እንደ ዲቲ 125 ባለ ሁለት ምት ሞተር ለያዙ አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። የእነዚህ ሞተሮች ውስጥ የሚለሰልሰው ከነዳጁ ጋር በሚገባው ዘይት ነው። ነዳጅ መስጫውን ሙሉ በሙሉ ዘግታችሁ ረጅም ቁልቁለት በማርሽ ከወረዳችሁ ፒስቶኑ በፍጥነት ይሠራል፣ ዘይት ግን አይደርሰውም። በየጥቂት ሰከንዱ ፍሪሲዮኑን ይዛችሁ ጥቂት ነዳጅ ስጡት። የዘይት ሳጥኑ ባዶ ሆኖ መነሳትማ አይታሰብም።

ኩርባ ላይ ፍጥነት የሚቀነሰው ከመግባታችሁ በፊት ነው። ገብታችሁ ፍሬን መያዝ ያንሸራትታል። ዓይናችሁ ከፊት ጎማው ሥር አይሁን፤ የምትወጡበትን ጫፍ ተመልከቱ፣ ሞተሩ ዓይናችሁን ይከተላል። ጥሩንባ ንፉ። ቀኛችሁን ያዙ፣ ግን ጠርዙ ላይ አትለጠፉ፤ ለማምለጫ ቦታ ተዉ። ከኮምቦልቻ በባቲ በኩል ወደ ሚሌና ወደ ጅቡቲ የሚሄደው ተሳቢ ጠባብ ኩርባ ላይ ጭራው የእናንተን መስመር ይበላል። እሱን ኩርባ ውስጥ ለመቅደም አትሞክሩ። ከባድ መኪና የሚበዛበት ኩርባ ላይ የፈሰሰ ናፍጣም አይጠፋም፤ አስፋልቱ ላይ ቀስተ ደመና ካያችሁ ቀጥ ብላችሁ እለፉ።

የባቲ ገበያ ሰኞ ነው። ዋዜማውም ሰኞውም መንገዱ የግመልና የአህያ ነው። የተጫነች አህያ አትሸሽም። ግመል ጥሩንባ ሲሰማ ወዴት እንደሚዞር ግመሉም አያውቅም። ፍጥነት ቀንሱ፣ ከኋላቸው በኩል እለፉ። የደሴ ጉም ሲወርድ አጭሩን መብራት ተጠቀሙ፤ ረጅሙ ጉሙ ላይ ተመትቶ ዓይናችሁን ነው የሚያሳውረው።

ወንዝ ከሞላ መጀመሪያ በእግራችሁ ግቡበት። ከጉልበት በላይ ከሆነ ወይም መሬቱ ካልታያችሁ ጠብቁ፤ የበልግ ጎርፍ ብዙ ጊዜ በሰዓታት ይጎድላል። ከገባችሁ በአንድ ማርሽ፣ ነዳጁን ሳታጠፉ፣ በእኩል ፍጥነት። ውኃ ውስጥ ከጠፋባችሁ ወዲያው አታስነሱት። ገፍታችሁ አውጡ፣ ካንዴላውን ፍቱ፣ ውኃው እስኪወጣ በእግር ምቱት፣ ፊልትሮውን አድርቁ። ከተሻገራችሁ በኋላ ፍሬኑን በስሱ ረግጣችሁ ጥቂት ሜትር ሂዱ፤ እርጥብ ሸራ አይዝም።

ሐረጎን ስትወርዱ አጋማሹ ላይ ሰፋ ያለ ቦታ ፈልጋችሁ አምስት ደቂቃ ቁሙ። ኮምቦልቻ ስትደርሱ ደግሞ የእጃችሁን ጀርባ ወደ ታምቡሩ አስጠጉ፣ አትንኩት። ሙቀቱ ከሩቅ ከመጣ በፍሬን አብዝታችኋል፣ በሚቀጥለው አንድ ማርሽ ዝቅ በሉ። ፍሬን ሳትይዙም የሚግል ከሆነ ዘንጉ ጠብቋል፣ አላሉት። ውኃ አትድፉበት፤ የጋለ ብረት ይሰነጠቃል። በራሱ ይቀዝቅዝ።

አጎቴ አሁንም ወደ ኮምቦልቻ የሚወርዱት በሚኒባስ ነው። ሽቅብ ሲሆን ግን ከእኔ ጋር ይመለሳሉ፣ የጋቢያቸውን ጫፍ ተቀምጠውበት።